ዝይን ከኋላ ማየት

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሰርግ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። ሙሽሮቹ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ መዝናኛ ግቢ ገብተው ፎቶ እስኪነሱ ድረስ እኛ አጃቢዎቹ ጥላ ፍለጋ ሣሩ ላይ ተበታትነናል። በዚህ መሐል ከቁጥቋጦው ሥር አራት ነጫጭ ዝይዎች ብቅ አሉና ተሰልፈው እየተወዛወዙ መጡ። አካሄዳቸው ራሱ የሰርገኛ ነው፤ አይቸኩሉም፣ ዞር በሉልን ማለትም ያውቃሉ። አንዲት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሐይቁን አየች፣ ዝይዎቹን አየች፣ መልሳ ሐይቁን አየችና፣ «ግን ለምንድን ነው የማይሄዱት? በዚህ በኩል እኮ አጥር የለም» አለች።

ትልልቆቹ ተራ በተራ መለሱላት። አንዱ «ክንፋቸው ተቆርጦ ነው» አለ። ሌላው «ቀለብ አላቸው፤ ቀለብ ያለው የት ይሄዳል?» አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም። ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ሴት ደግሞ «የፈረንጅ ዝይዎች ናቸው፣ የእኔ እናት፤ አገሩን ስለማያውቁት ነው» አለቻት። እኔ መልሱን አውቀው ነበር። ያወቅሁበት መንገድ ግን የሚያኮራ ስላልሆነ ዝም አልኩ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ዝይዎቹ።

በየእርሻው፣ በየግቢውና በየከተማው መናፈሻ የምናያቸው የቤት ዝይዎች በሙሉ የሁለት የዱር ዘሮች ልጆች ናቸው። አንደኛው በአውሮፓና በእስያ የሚኖረው ግራጫው የዱር ዝይ ነው፤ ሳይንሱ አንሰር አንሰር ይለዋል። ሁለተኛው ሞንጎሊያ፣ ሰሜን ቻይናና የሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ላይ የሚራባው አንገተ ረጅም ዝይ ነው፤ እሱ አንሰር ሲግኖይደስ ይባላል። የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ግንባሩን ማየት ይበቃል። ምንቃሩ ብርቱካናማ ሆኖ ግንባሩ ለጥ ያለ ከሆነ የአውሮፓው ወገን ነው። ምንቃሩ ከግንባሩ ከሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጉብ ያለ እብጠት ካለው የቻይናው ወገን ነው። እብጠቱ በሽታ አይደለም፤ የዘር ምልክት ነው። ሁለቱ ዘሮች ከተዳቀሉ የሚወለደው ደግሞ በቅሎ ሆኖ አይቀርም፤ ይወልዳል። ቻርልስ ዳርዊን እንዲህ ያሉ ድቅል ዝይዎችን ራሱ አርብቶ መውለዳቸውን አረጋግጦ በ1880 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ጽፏል። ስለዚህ መናፈሻ ውስጥ ግማሽ እብጠት ያለው ዝይ ብታዩ አትገረሙ።

ከእብጠታሞቹ መካከል አንዱ ከባድ ዝርያ «የአፍሪካ ዝይ» ተብሎ ይጠራል። አፍሪካን በዘሩም አያውቃት! የቻይናው ዝይ ዘመድ ነው፤ ስሙን ከየት እንዳመጣው አንድዬ ይወቅ። የእውነተኛው አፍሪካዊ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው። በየሐይቆቻችን ዳር የምናየው፣ ዓይኑን ዙሪያውን ቡናማ ኩል የተኳለው «የግብፅ ዝይ» የሚባለው ወፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለጌጥ ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ አውሮፓ መናፈሻዎች ተራብቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ከወራሪ እንግዳ ዝርያዎች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሲጋበዝ ጌጥ፣ ሲወልድ ወራሪ፤ ታሪኩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በነገራችን ላይ ይህ ወፍ በስሙ ዝይ ይባል እንጂ ከዝይዎቹ ነገድ አይደለም። ገፈርሳ፣ ሱሉልታና ባሌ ላይ የሚታየው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝያችንም እንዲሁ ነው። ሁለቱም አልለመዱም፣ ሁለቱም ይበርራሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገኛል።

ብዙ ሰው ነጭ የሆነ ዝይ ሁሉ የቤት ነው፣ ግራጫ የሆነው ሁሉ የዱር ነው ይላል። እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በመቶ ሺህ እየተመመ የሚጓዝ ነጭ የዱር ዝይ አለ፤ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ስለሆነ በእሱ ይለያል። በተቃራኒው ቱሉዝ የሚባለው የፈረንሳይ የቤት ዝይ ከዱር አያቱ የወረሰውን ግራጫ ካፖርት እስካሁን አላወለቀም። ፒልግሪም በሚባለው ዝርያ ደግሞ ወንዱ ነጭ ሴቷ ግራጫ ናት፤ ባልና ሚስቱን የሚያይ ሰው አንዱ የቤት አንዷ የዱር ይመስሉታል። ሴባስቶፖል የሚባለው ብቻ ነው ማንንም የማያሳስተው። ላባው ጥቅልል ብሎ የተንጨባረረ፣ ከፀጉር ቤት ሳይጨርስ የወጣ የሚመስል ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ከኋላው ነው የሚለየው። የዱር ዝይ ሰውነቱ ከመሬት ጋር ትይዩ ነው፤ እንደ ታንኳ ቀጥ ብሎ ወደ ጅራቱ ይቀጥናል። ክብደቱም ሦስት፣ ቢበዛ አራት ኪሎ ቢሆን ነው። የቤት ዝይ ግን ከወገቡ በታች ይከብዳል። ሆዱ በሁለት እግሮቹ መካከል ወርዶ ይንጠለጠላል፣ ትልልቆቹ ላይማ ሣሩን ይጠርጋል። ይህን ጭነት ለማመጣጠን ደረቱን ቀና አድርጎ ይቆማል፣ ሲራመድም ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ለኤግዚቢሽን የሚደለብ ቱሉዝ ከአሥር ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ እሱ ከአገጩም ሥር እንደ በሬ የሚንጠለጠል ቆዳ አለው። ክንፉ ግን የአያቱ ክንፍ ነው፤ ሰውነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ክንፉ አብሮ አላደገም። ያ ሰውዬ ሐዋሳ ላይ «ክንፋቸው ተቆርጦ ነው» ሲል ተሳስቷል። ያልተቆረጠም ቢሆን ያው ነው። ቀለል ያሉት ዝርያዎች ነፋስ ካገዛቸው ዝቅ ብለው ጥቂት ሜትር ይሄዳሉ፤ ከባዶቹ እሱንም አይሞክሩትም።

ይህ ሆድ በአንድ ጀንበር አልመጣም፤ ሰው ነው የሠራው። በቻይና የጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ቲያንሉዎሻን በሚባል የጥንት መንደር ቁፋሮ 232 የዝይ አጥንቶች ተገኝተው ነበር፤ ዕድሜያቸው ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የጃፓንና የቻይና ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ሳነብ የገረመኝ የዕድሜው ርዝማኔ ብቻ አልነበረም። አጥንት አይወዛወዝ፣ ሆድ የለው፤ ታዲያ የቤት ዝይ መሆኑ በምን ታወቀ? ያወቁት በጫጩቶቹ ነው። በዚያ አካባቢ የዱር ዝይ ለክረምት ይመጣል እንጂ አይፈለፍልም፤ ለመውለድ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከአጥንቶቹ መካከል ግን አሥራ ስድስት ሳምንት ያልሞላቸው ጫጩቶች ነበሩ። ከሰሜን በርረው ሊመጡ አይችሉም፤ እዚያው ተወልደዋል ማለት ነው። የአንዳንዶቹ ትልልቆች አጥንት ኬሚካላዊ ይዘትም ተወልደው ያደጉት በዚያው መሆኑን አሳየ። የሰው ንብረት መሆናቸው የተመሰከረው በሌላ ሳይሆን አለመሄዳቸው ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ዝይ ከዶሮም ቀድሞ ከሰው ቤት የገባ ወፍ ሊሆን ይችላል።

ግብፅ ውስጥ ሜይዱም ከሚባል ቦታ፣ ኔፈርማአት ከተባለ መስፍንና ከሚስቱ ከኢቴት መቃብር የተገኘ ስድስት ዝይ የተሳለበት ሥዕል አለ። አራት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ላባው አንድ በአንድ ስለተሳለ የዛሬ ሰው ቆሞ ዝርያቸውን ለመለየት ይሞክራል። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ የአውስትራሊያ ተመራማሪ በሥዕሉ ላይ ካሉት መካከል ሁለቱ ዛሬ በሕይወት ካለ ከየትኛውም ዝይ ጋር እንደማይገጥሙ፣ ምናልባትም የጠፋ ዝርያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፏል። እኔ ሥዕሉን ባየሁት ቁጥር የማተኩረው ሌላ ነገር ላይ ነው። ሁሉም ጀርባቸው ለጥ ያለ፣ ሆዳቸው የተሰበሰበ ነው። የዱር ናቸው። ከዚያ ጥቂት መቶ ዓመታት ወረድ ብለን የሰቃራን መቃብሮች ግድግዳ ስናይ፣ ሠራተኞች ዝይ አንገቱን ይዘው እህል በጉሮሮው ሲያጎርሱት ተቀርጿል። ድለባው ተጀምሯል።

ነጭነትም የሰው ምርጫ ነው። በሆሜር ኦዲሲ ውስጥ ንስር አንድ ትልቅ ነጭ ዝይ ከግቢ ነጥቆ ሲበርር፣ ወንዱም ሴቱም እየጮኸ ይከተለዋል። ለዱር ዝይ ተብሎ ንስር የሚያባርር ሰው የለም፤ የሚጮኸው የተነጠቀ ሰው ነው። ዳልቻ ወፍ ጫካ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ነጭ ወፍ ከሩቅ ይታያል። ለባለቤቱ መታየቱ ጥሩ ነው፤ ንስሩም ግን ያየዋል። ከሆሜር ብዙ ዘመን በኋላ ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ ገበሬዎችን ሲመክር ትልልቁንና ነጩን ምረጡ ብሏል፤ ዳንግሌው ከዱር ገና የመጣ ነው፣ እንደ ነጩ አይወልድም፣ ዋጋም አያወጣም ባይ ነው። እንግዲህ ዝይን በመልኩ ማንነቱን መለየት የዛሬ የመናፈሻ ጨዋታ ሳይሆን ሁለት ሺህ ዓመት የሆነው የገበያ ሙያ ነው።

ስለ ሮም ካነሳን የካፒቶልን ዝይዎች መዝለል አይቻልም። በባህላዊው አቆጣጠር በ390 ዓ.ዓ. ጎሎች ሮምን ይዘው፣ የተረፉት ሮማውያን ካፒቶል ኮረብታ ላይ ተከበው ሳለ፣ ጠላት በሌሊት ገደሉን ቧጥጦ ወጣ። ዘበኛው ተኝቷል፣ ውሻውም አልሰማም። የዩኖ የተባለችው አምላክ ዝይዎች ግን ጮኹ፤ ማርኩስ ማንሊዩስ ነቅቶ ጠላቱን መለሰ። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደሚለው ሕዝቡ ተርቦ እንኳ እነዚያን ዝይዎች ለአምላኳ ብሎ አልበላቸውም ነበር። ኋላ ሮማውያን በየዓመቱ ዝይን በወርቅና በሐምራዊ ግምጃ በቃሬዛ እያዞሩ ሲያከብሩ፣ ውሾችን ደግሞ ስለዚያች ሌሊት እንቅልፍ ይሰቅሉ ነበር። ለውሾቹ አዝኛለሁ።

የታሪኩን ዝርዝር ያመነም ያላመነም፣ ጩኸቱን መጠርጠር አይችልም። ሰው ከዝይ ላይ ብዙ ነገር ቀይሯል። ቀለሙን፣ ክብደቱን፣ እንቁላሉን ሳይቀር። የዱር እናቱ በዓመት አምስት ስድስት ጥላ ትታቀፋለች፤ ጥሩ የቻይና የቤት ዝይ ግን ሃምሳም ስልሳም ትጥላለች። ድምፁንና ጥርጣሬውን ግን አልነካበትም። በስኮትላንድ ዱምባርተን የሚገኝ ሰፊ የውስኪ መጋዘን ከ1959 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በቻይና ነጭ ዝይዎች ይጠበቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በካሜራ ተተኩ። ካሜራ ጎማ አይነክስም።

የማይበር ወፍ ገበያ የሚሄደው በእግሩ ነው። ፕሊኒ በእሱ ዘመን ዝይዎች ከጎል ሰሜናዊ ዳርቻ እስከ ሮም ድረስ በእግራቸው ይነዱ እንደነበር ጽፏል። የደከሙትን ወደ ፊት ያመጧቸዋል፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ በተፈጥሯቸው እየገፉ ይነዷቸዋል። ይህን ሳነብ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ። እንግሊዞችም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖርፎክ ወደ ለንደን በሺህ የሚቆጠር መንጋ እየነዱ ይወስዱ ነበር፤ መንገዱ እንዳያቆስለው እግሩን ቅጥራንና አሸዋ ያስረግጡታል። ጫማ መሆኑ ነው። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፈውም በዝይ ላባ ነው፤ የእኛ ጸሐፍት ብርዓቸውን ከመቃ ስለሚቀርጹ ዝይን አላስቸገሩም። በክርስቲያኑ ቤት ሥጋዋም በልማድ አይበላም። ዝይ በእኛ ታሪክ ውስጥ ሥራ አልነበራትም። የእኔም ዕዳ የመጣው ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

በ1985 ዓ.ም. ደብረ ዘይት አክስቴ ቤት ሆኜ እማር ነበር። አንድ አገሩ የሚገባ ጎረቤት ሦስት ዝይ ለአክስቴ ባል ሰጥቶት ሄደ፤ ሁለት ነጭ፣ አንዷ ግራጫ። ጋሼ ወደዷቸው። አክስቴ ግን ሁለት ወር አልታገሰችም። ሌሊት ድመት ባለፈ ቁጥር ሰፈሩን ይቀሰቅሳሉ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲገቡ ወንዱ አንገቱን ዘርግቶ እንደ እባብ እየነፋ እስከ በር ድረስ ሸኛቸው። በዚያ ምሽት ፍርድ ወጣ። አይበሉ፣ ገዢ የላቸው፤ «አንተ ተማሪ ነህ፣ መላ ፈልግ» ተባልኩ።

መላው ቶሎ መጣልኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፣ ጨለለቃ ሞልቷል። ዳሩ ላይ እነዚያ ዓይናቸውን የተኳሉት ዝይዎች በብዛት ይሰማራሉ። ዝይ ከዝይ ጋር፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ነጻነት እየሰጠኋቸው መሰለኝ። ሦስቱንም በማዳበሪያ ከረጢት አንገታቸውን አውጥቼ በጋሪ ጭኜ ወሰድኳቸው። ስለቃቸው ውኃው ውስጥ ገቡ፣ ክንፋቸውን አራገቡ፣ ራሳቸውን ነከሩ። ሲደሰቱ አየሁ፤ አሁንም ደስ ብሏቸው ነበር ብዬ ነው የማምነው። የዱሮቹ ግን ፈቀቅ አሉላቸው እንጂ አልተቀላቀሏቸውም። ዘመድ አልነበሩማ።

ወደ ጋሪው ስመለስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ሦስቱም ከውኃው ወጥተው ተከትለውኛል። መለስኳቸው፤ ተከተሉኝ። ባለጋሪው መሳቅ ጀመረ። አፈር አነሳሁ፣ ቀጥሎ ጠጠር ወረወርኩ። ግራጫዋ የመጨረሻዋ ሆና ቆማ ታየኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩ። ጭቃው ላይ ነጭ ላባ ተበትኗል፣ ግራጫም አለበት። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ትናንት ጎህ ሲቀድ አይቻለሁ አለኝ። ጅብ መጣ፤ ወፎቹ በሙሉ ተነሱ፤ እነዚያ ግን ጮኹና ሮጡ። «ሌሎቹ ሲበርሩ እነሱ በእግራቸው ሮጡ» ነው ያለኝ። «ምናቸው ነው?» ብሎም ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከኋላቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ግራጫዋን በተለይ የዱር ናት፣ ከሁሉም እሷ ትተርፋለች ብዬ ነበር። አክስቴ ሲሳካልኝ ጠይቃኝ «ተቀላቀሉ» አልኳት። ጋሼ ምንም አላሉም፤ በማግስቱ ግን የዝይዎቹን ውኃ መጠጫ ሳፋ ከግቢው አውጥተው ለጎረቤት ሰጡት።

ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለልጆች የተገዛ የዝይ ጫጩት አድጎ መጮኽ ሲጀምር፣ ባለቤቱ በመኪና አምጥቶ መናፈሻ ሐይቅ ላይ ለቆት ይሄዳል። ዝይ ከዝይ ጋር፤ ያው የእኔ ሒሳብ ነው። ቅዝቃዜው ሲመጣ መንገደኞቹ የዱር ዝይዎች ተነስተው ይሄዳሉ። ውኃው ዳር የሚቀረው ያ ሆዱ የወረደው ነው፤ አላፊ አግዳሚው ዳቦ እየጣለለት ሐይቁን ወድዶ የቀረ ይመስለዋል።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ጨርሰው መኪና ሲነሳ ያቺ ልጅ አጠገቤ ቆማ ነበር። «ከኋላቸው እያቸው» አልኳት። ቁጢጥ ብላ ብዙ አየች። «ሆዳቸው መሬት ሊነካ ነው» አለች። «አዎ» አልኳት። «ማታስ? ማታ የት ይገባሉ?»

አላሰብኩትም ነበር። ዘበኛውን ጠርቼ ጠየቅሁት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች በቆርቆሮ የተመታች ቤት አሳየን፤ በሯ ከውጭ በሽቦ ይታሰራል። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ራሳቸው መጥተው ይቆማሉ» አለ። ልጅቷ ሄዳ ሽቦውን በእጇ ጎተት አድርጋ ሞከረችው።